ስም፦ ምብራት፣ ሥራ፦ መብራት

«ስም?» አለ እምሩ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያወረደ።

«ምብራት።»

«እሱን ሰማሁ፤ መብራት ይገጠምለታል። ስምሽን ነው የጠየቅኩት።»

«ነገርኩህ እኮ! ምብራት!»

«እህቴ፣ መብራት መብራት አትበዪኝ፣ ገብቶኛል! ባለቤቱን ማን ልበል?»

ልጅቷ የያዘችውን ብስክሌት ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ወገቧን ይዛ ቆመች። ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ የሚወርደውን ቁልቁለት ጎማው ፈስሶባት እየገፋች ነው የመጣችው። ላቧ ገና አልደረቀም።

«ስሜ ነው» አለች። «በ"ም" ነው የሚጻፈው። አባቴ አስመራ ላይ ያወጣልኝ ስም ነው። የአንተን ሱቅ አስቦ አይደለም!»

እምሩ አፈረ። በእጁ የያዛትን ካርቶን ቢያያት አስቀድሞ «መብራት» ብሎ ጽፎባታል። መሰረዙ አስጠላውና በ«መ» ላይ አንዲት ጭረት ጨምሮ «ም» አደረጋት። ስሟም ሥራውም በአንድ ቃል አለቀ።

«ሌላስ?»

«ካቴናው ላልቷል። ይጥበቅልኝ።»

በደጅ ሲያልፉ የነበሩ ሁለት ሰዎች ዘወር ብለው አዩአቸውና እርምጃቸውን አፈጠኑ። ካቴና በአስመራ የብስክሌት ሰንሰለት ነው። እምሩን ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ ጣሊያንም እንደዚያው ነበር የሚሉት። በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ግን፣ አራዳ ላይ፣ ካቴና ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የራሱን ሁለት እጅ ነው። በየማለዳው ከመንገድ ጥግ ሬሳ የሚነሳበት ጊዜ ነበር።

«ቀስ በይ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ሰንሰለት ነው የምንለው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከዘንድሮ።»

አፉ ሰንሰለት ቢልም እጁ የለመደውን ጻፈ። ሥራውን ቃል እንደሚገባ ሰው መጻፍ ልማዱ ነው። ጎማ ይነፋል፣ ፍሬን ይሠራል ይላል። የሷንም እንዲሁ ጻፈና ካርቶኗን ከኮርቻው ሥር አሰራት፦ «ምብራት። ካቴና ይጠብቃል።»

ያን ሰዓት በጽሑፉ ውስጥ ምንም ክፉ ነገር አልታየውም።

«ማታ ማታ ትነጃለሽ ማለት ነው?»

«አዋላጅ ነኝ። አምስት ኪሎ ካለ ክሊኒክ። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ መኪናው ማታ አይወጣም። ምጥ ደግሞ ሰዓት እላፊ አያውቅም» አለችና ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ የይለፍ ወረቀት አውጥታ አሳየችው። ማኅተሙ ደማቅ ነበር።

«እንግዲያው ያዘዝሽው የዲናሞ መብራት ይቅርብሽ። ዲናሞ የሚያበራው ጎማው ሲዞር ነው፤ ስትቆሚ ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት አንድ የሌሊት ዘበኛን ወታደሮች ራስ መኮንን ድልድይ ላይ "ቁም!" አሉት። ቆመ። ሲቆም መብራቱ ጠፋ። እነሱ ደግሞ አጠፋብን ብለው ተኮሱ...» ፊቷን አየና ቀሪውን ተወው። «የእጅ ባትሪ መሪው ላይ ልሰርልሽ። ቆመሽም ይበራል።»

«አይ። ዲናሞ ይሁንልኝ።»

«አልሰማሽኝም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። ስቆም ይጥፋ።»

እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። በጨለማ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚፈልገው የማይጠፋ መብራት ነው። ለምን ብሎ ሊጠይቃት ፈለገ። ግን በዚያ ዘመን ለምን ብሎ መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ደግ አልነበረም።

ዲናሞ በከተማው ውስጥ ጠፍቷል። የውጭ ዕቃ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እምሩ ማታ መዝጊያውን ዘግቶ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሚነዳት ከራሱ ብስክሌት ላይ ዲናሞውን ፈታ። ለሷ ግን አልነገራትም።

ሐሙስ ልትወስድ መጣች። የሱቁን መዝጊያ ገርበብ አድርጎ የፊቱን ጎማ አነሳና በእጁ አሽከረከረው። ዲናሞው ዝዝዝ አለ፤ መብራቱ በራና ፊቷ ላይ አረፈ። ጠይም ነች። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ። ዓይኖቿ ደክሟቸዋል፣ ግን ይስቃሉ። ጎማው ሲቆም ፊቷም ጠፋ። እምሩ እንደገና አሽከረከረው። አሁንም እንደገና...

«ስንት ጊዜ ነው የምትፈትነው?» አለች።

«እስኪበቃኝ።»

«ሲበቃህ ንገረኝ፤ ቤት የምትጠብቀኝ ወላድ አለች!» አለችና ሳቀች።

እምሩ ያን ሳቅ ይዞ አደረ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ምክንያት አይጠፋም ነበር። አንዴ ጎማው ይፈሳል፤ አንዴ ፍሬኑ ይጮኻል። ፍሬኑ ባይጮኽም እምሩ «ቆይ እስቲ ልየው» ይላል። አንድ ቀን ጣቱን ቆርጦት አገኘችውና ተቆጥታ አጥባ አሰረችለት። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ፋሻው ግን ክንዱ ድረስ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ካርቶኗን ለምን አታወልቂያትም? ሥራው አልቋል እኮ» አላት።

«ስሜን በትክክል እስክትጠራኝ ትቆያለች።»

«መብራት!»

«አየህ? አላወልቃትም!»

እውነቱን ለመናገር በትክክል መጥራት ያቃተው ሰው አልነበረም። ካወለቀቻት መምጣቷን ታቆማለች ብሎ ፈርቶ ነው። ፍቅር ትልቁን ሰውዬ እንዲህ ያጃጅለዋል።

እምሩ የሚያድረው ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ሰዓት እላፊው ሲገባ ከተማው ጭጭ ይላል። ሩቅ የተኩስ ድምፅ፣ የውሻ ጩኸት፣ አንዳንዴ ደግሞ የላንድሮቨር ሞተር ይሰማል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ማታ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሰማ። በሺህ ዲናሞ መሃል ቢሆን አይሳሳተውም፤ የገዛ ዲናሞው ነው። ልቡ ደስ አለው። ለምጥ እየሄደች ነው አለ።

ድምፁ ግን ከሱቁ በላይ፣ ውቤ በረሃ ጫፍ ካለው መታጠፊያ ላይ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ ቆየና ተመልሶ ሄደ። አንድ ቀን ዘሎ እንደገና መጣ። እዚያው ቆመ። እንደገና አንድ ቀን ዘሎ...

በመታጠፊያው ላይ ያለው ቤት የእትዬ አዳነች ነው። እትዬ አዳነች ድሮ ስም የነበራት ቡና ቤት ባለቤት ነበረች። ሰዓት እላፊ ከመጣ ወዲህ በሯን ዘግታ ብቻዋን ትኖራለች። ስድሳ ዓመት ሞልቷታል። በዚያ ቤት የሚወልድ ሰው የለም።

እምሩ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። በአራተኛው ቀን ምብራት ጎማዋ ፈስሶ መጣች።

«እትዬ አዳነች ቤት ማነው የሚወልደው?» አላት፣ ከጎማው ላይ ቀና ሳይል።

ምብራት ቦርሳዋን ልታስቀምጥ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። «ምን አልክ?»

«ድምፁን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ የገጠምኩት። አንድ ቀን እየዘለለ መታጠፊያው ላይ ይቆማል።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

«እምሩ፣ ለማን ተናገርክ?!»

ቀናተኛ ሰው የሚሰማው የፈለገውን ነው። እምሩ በድምፅዋ ውስጥ የነበረውን የሞት ፍርሃት አልሰማም፤ እፍረት ነው የመሰለው።

«ስቆም ይጥፋ ያልሽኝ ለዚህ ነው? ሰውየው መብራት አይወድም?»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልፈሰሰም።

«አዎ» አለች። «መብራት አይወድም።»

«ትወጂዋለሽ?»

«ከነፍሴ በላይ።» ቦርሳዋን አነሳች። «ብስክሌቱን ነገ ማታ እወስደዋለሁ። አንተ ግን... ለኔ ትንሽ እንኳ የምታስብልኝ ከሆነ፣ ምንም ድምፅ አልሰማህም።»

ሄደች። እምሩ ጎማውን ለጠፈ። አንዱን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ለጠፈው።

በነጋታው ጠዋት ጠመንጃ ያነገተ ሰው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። አጥናፉ ነው። ከእምሩ ጋር አንድ ሰፈር ያደገ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ከየኔታ ዘንድ አብሮት ፊደል የቆጠረ። አሁን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው። ካኪ ለብሶ ከመጣ ወዲህ ሁለቱ የሚገናኙት በሰላምታ ብቻ ነበር።

«እንደምን አደርክ፣ ጓድ አጥናፉ!» አለ እምሩ፣ ሊቀልድ ፈልጎ።

አጥናፉ አልሳቀም። «በሰዓት እላፊ በዚህ ሰፈር የሚዞር ብስክሌት አለ። ዲናሞው ይሰማል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መብራቱ ይጠፋል። ማነው?»

«ምን አውቃለሁ? እኔ ስተኛ ሬሳ ነኝ።»

አጥናፉ ወደ ውስጥ ገባ። ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ እያየ፣ ካርቶኖቹን እየገለበጠ ሄደና ከምብራት ብስክሌት ፊት ቆመ። ካርቶኗን ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጎ ጮክ ብሎ አነበባት።

«ምብራት። ካቴና ይጠብቃል።»

«ይጠብቃል» የሚለውን «ብ»ን አጥብቆ፣ አንድ ሰው ሌላውን ሰው እንደሚጠብቀው አድርጎ ነው ያነበበው። እምሩ ያኔ ገና የገዛ ጽሑፉ ገባው።

«ማናት ምብራት? ካቴና እየጠበቀሽ ነው ብለህ የምታስጠነቅቃት?»

«ኧረ በጊዮርጊስ! "ብ"ን አላልተህ አንብባት። ሰንሰለቱ ላልቶ ነበር፤ ይጠብቃል። መብራት ይገጠማል፣ ሰንሰለት ይጠብቃል። ሥራ ነው የጻፍኩት!»

«"ም" ነው የሚለው።»

«"መ" ነው። እርሳሱ ሾልኮኝ ነው። ፊደሌ መጥፎ እንደሆነ ታውቅ የለ?»

አጥናፉ ካርቶኗን ለቀቃት።

«ብስክሌቱ የማነው?»

እምሩ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። «የኔ።»

አጥናፉ ጎንበስ ብሎ ዲናሞውን ዳበሰው። ጎኑ ላይ አሮጌ ስርጉዳት አለ። ያን ስርጉዳት አውራ ጣቱ ታውቀዋለች፤ በአሥር ዓመታቸው ሁለቱም አንድ ብስክሌት ላይ ተፈናጠው ሲወርዱ ወድቀው ነው የሰረጎደው። የእምሩ ዲናሞ መሆኑን ለመካድ አልቻለም።

«እንግዲያው ስማኝ» አለ ቀና ብሎ። «ዛሬ ማታ መታጠፊያው ላይ ስድስት ሆነን እንጠብቃለን። ሲነጋ ደግሞ በዙሪያው ያለው ቤት ሁሉ ይፈተሻል። ያንተ ከሆነ ከቤትህ አትውጣ። ይህን ስነግርህ የመጨረሻ ወዳጅነቴ ነው።»

የዚያን ቀን ፀሐይ አልጠልቅ አለች። ምብራት ሊመሽ ሲል መጣች። እምሩ መዝጊያውን ዘጋና የሰማውን ሁሉ ነገራት። የጎማ ሣጥኑ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«የማነ...» አለች።

«የማነው?»

«የማነ ስሙ ነው! ወንድሜ። ሓወይ! አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ተማሪ ነው። እግሩን በጥይት መትተውታል። እትዬ አዳነች ከጓሮዋ ደብቃዋለች። መርፌውን የምወጋው፣ ቁስሉን የማጥብለት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እየዘለልኩ...» ከዚያ በኋላ እንባው አላስቀጠላትም።

እምሩ መሬት ላይ ተንበረከከ። ሦስት ሌሊት በቅናት ሲገላበጥ ያደረበት ሰው በሕመም የሚገላበጥ ልጅ ኖሯል።

«ይቅር በዪኝ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«የሚወጣበት መንገድ የለም?»

«ከጓሮው ወንዙን ከተሻገረ የአክስታችን ልጅ ተክላይ የጭነት መኪና ይዞ ይመጣለታል። ቀጠሯቸው ለቅዳሜ ነበር፤ ማታ ማታ ግን መኪናው እዚያው ነው የሚያድረው። እኔም አብሬው ልሄድ ነበር። ዛሬ ግን ስድስት ሰው መታጠፊያው ላይ ቆሞ! ገና የጓሮው በር ሲከፈት ይሰሙታል።»

እምሩ ብስክሌቱን አየ።

«የሚጠብቁት እሱን ነው» አለ። «ሰው አይደለም፤ ይህን ድምፅ ነው። እነሱ ድምፁን ሲከተሉ እናንተ በጓሮ ትወጣላችሁ።»

«ማን ይነዳዋል?»

«ዲናሞው የኔ ነው። ከኔ ብስክሌት ፈትቼ ነው የሰጠሁሽ።»

«እምሩ! ይገድሉሃል!»

«መታጠፊያው ላይ ካልቆምኩ ምን አጠፋሁ? መብራት እየፈተንኩ ነው። መብራት የሚፈተነው በጨለማ ነው።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «አንቺ ግን አብረሽው ሂጂ። እዚህ አትቅሪ።»

ምብራት ከሣጥኑ ላይ ተነሳች። እንባዋን በመዳፏ ጠራረገችና መደርደሪያውን ትፈልግ ጀመር።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የእጅ ባትሪህን። ያኔ ልታስርልኝ የነበረውን።» አገኘችው። ከቦርሳዋ ፋሻ አውጥታ ባትሪውን መሪው ላይ ጠቀለለች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ... ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው። «"ቁም!" ሲሉህ ቁም። አትሩጥባቸው። ዲናሞው ቢጠፋ ይሄ አይጠፋም። ገባህ? እኔ ስቆም ይጥፋ ብዬ ነበር። አንተ ስትቆም ግን እንዳይጠፋ!»

ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። መዳፏ ስፒርቶ ስፒርቶ ይሸታል።

«እወድሃለሁ» አለችው። «አሁን ነው ወይ የሚባለው ብትለኝም።»

«አሁን ነው» አላት።

ምብራት ሰዓት እላፊው ሳይገባ በእግሯ ወደ እትዬ አዳነች ቤት ሄደች። ከገባ በኋላ እምሩ ባትሪውን አብርቶ ወጣ። ዝዝዝ... የገዛ ዲናሞው ድምፅ እንደዚያ ሌሊት ጮኾበት አያውቅም። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ በግድግዳው ጥግ የቆሙትን ሰዎች ትንፋሽ የሰማ መሰለው። ፊሽካ ተነፋ። አልቆመም። ቁልቁለቱን ለቀቀው። ከኋላው የሚሮጥ እግር ኮቴ ተንጋጋ፤ ስድስቱም ተከተሉት። አንድ ጥይት በራሱ ላይ አለፈ። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሌሎች ወታደሮች ከፊቱ ቆሙ።

«ቁም!!»

ቆመ። ዲናሞው ሞተ። ያ የሌሊት ዘበኛ የወደቀው እዚያው ላይ ነበር። የጠመንጃ ቃታ ሲሳብ ሰማ። መሪው ላይ በፋሻ የታሰረችው ባትሪ ግን አልጠፋችም፤ የወታደሮቹን ጫማ አበራችው፤ ወደ ላይ የተዘረጉት ሁለቱ ባዶ እጆቹም ታዩ።

«አትተኩሱ!» አለ ከኋላ የሚያለከልክ ድምፅ። አጥናፉ ነበር።

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ እምሩ ወደ ውቤ በረሃ በኩል ጆሮውን ጣለ። ከወንዙ ምንም ድምፅ አይሰማም። ምንም አለመሰማቱ በሕይወቱ የሰማው መልካም ዜና ሆነለት።

ቀበሌው እስረኞቹን የሚያጉረው በአንድ የድሮ ሀብታም ቪላ ምድር ቤት ነው። እምሩን ውስጥ እግሩን ገረፉት። «ማንን ልታገኝ ነበር?» «ዲናሞ ልፈትን።» «ምብራት ማናት?» «መብራት ነው የጻፍኩት፤ ፊደሌ መጥፎ ነው።» ከነዚህ ከሁለቱ መልሶች ሌላ አልሰጠም። አብሮት የታሰረው ገብረክርስቶስ የሚባል አስተማሪ በየማታው ውሃ እየነከረ እግሩን ያቀዘቅዝለት ነበር። አንድ ሌሊት ገብረክርስቶስን በስሙ ጠርተው ወሰዱት። በማግስቱ ሚስቱ ያመጣችውን ምሳ በር ላይ መለሱባት፤ ልብሱን አስረከቧት። በዚያ ቤት ምግብ ተመለሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የዚያን ለት የበላ ሰው አልነበረም።

እምሩ ምግብ የሚያመጣለት አልነበረውም። ሄዳለች፣ ተርፋለች እያለ ነበር የሚጽናናው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠባቂው ስሙን ጠራ።

«ምሳ መጥቶልሃል። ትርሓስ የምትባል ሴት፤ እጮኛው ነኝ ብላለች።»

ትርሓስ የምትባል ሴት አያውቅም። ግን ዝም ብሎ ተቀበለ። እንጀራው ሥር እንደ መጠቅለያ የተደረገች ቁራጭ ካርቶን ነበረች። የሱቁን ካርቶን የመሰለች፦ «መብራት ይጠብቃል።» ጠባቂው ሳያያት አልቀረም፤ የብስክሌት ሥራ መስሎት ትቷታል። እምሩ ግን ወደ መስኮቱ ጭላንጭል አስጠጋት። በ«መ» ላይ፣ በጥፍር የተጫረች አንዲት ጭረት ነበረች።

አልሄደችም! ወንድሟን አሻግራ፣ እሷ ቀርታለች። «ብ»ን አጥብቆ አነበበው። እንባው በካርቶኗ ላይ ሲወርድ ደስታው የትኛው፣ ፍርሃቱ የትኛው እንደሆነ አልለየውም። ስሟን አንድ ጊዜ በዚያ በር ላይ ብትናገር ሁለቱም ያለቁ ናቸውና።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ትርሓስ ምግብ አመጣች። አሥራ አንድ ወር ሙሉ እምሩ በየቀኑ ያ ጥሪ እስኪመጣ ድረስ እህል አይወርድለትም ነበር፤ እሱ ቢሞት ይመለስባታል፣ እሷ ብትያዝ ይቀርበታል።

በዓመቱ ኅዳር ውስጥ አንድ ማለዳ ስሙ ተጠራ። ከገብረክርስቶስ በኋላ በስሙ ተጠርቶ የተመለሰ አላየም። ደረጃውን ወጣ። ላይ የጠበቀው አጥናፉ ብቻውን ነበር። አጠገቡ የምብራት ብስክሌት ቆሟል። አቧራ ውጦታል፤ ጎማው ሞቷል፤ ፋሻው ግን አሁንም መሪው ላይ ነው።

«ይዘኸው ውጣ» አለው አጥናፉ። ከኪሱ ያችን የመጀመሪያዋን ካርቶን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። «የኔታ ዘንድ "መ"ንና "ም"ን ለክፍሉ ሁሉ ታነብ የነበርከው አንተ ነበርክ። እኔ ነበርኩ የምሳሳተው።»

እምሩ ቀና ብሎ አየው።

«እርሳሱ እንዳልሾለከህ ያን ጠዋትም አውቄያለሁ» አለ አጥናፉ። «ሂድ። ከእንግዲህ አላውቅህም።»

በር ላይ ሴቶች ምግብ ይዘው ተሰልፈዋል። ሦስተኛዋ ምብራት ነበረች። ከስታለች። አየችው፤ ሳህኑ ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ። እምሩ ግን ጠባቂዎቹን በዓይኑ አሳያትና ምንም እንደማያውቃት ሰው ብስክሌቱን እየገፋ አለፈ። እሷም ከኋላው፣ እንደ መንገደኛ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ተከተለችው። ፒያሳን እንዲህ ሆነው አቋረጡ። ሁለቱም ዞር አላሉም።

ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ መዝጊያውን ከፈተ። አይጥና ዝገት ተቀበሉት። ምብራት ገባች፤ መዝጊያውን ከኋላዋ ዘጋችው። አልተቃቀፉም። ገና አላመኑም።

እምሩ ከመደርደሪያው ቁራጭ ካርቶን አወረደ። እርሳስ ፈልጎ አገኘ።

«ስም?» አለ።

አፏን ከፍታ ቆየች። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሌላ ስም ለምዷል አፏ።

«ምብራት» አለች በሹክሹክታ።

«አልሰማሁሽም።»

«ምብራት!» ጮኸች። «ምብራት! ምብራት!»

«ምብራት» አለ እሱም። ጥርት አድርጎ፣ በ«ም»፣ ልክ አባቷ እንዳወጡት። «ሥራ?»

«መጠበቅ ነበር» አለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ። «አሁን አለቀ።»

እምሩ ጻፈው። ከዚያ ያችን አሮጌ ካርቶን አውጥቶ ሰጣት። እሷም ተቀብላ በጉያዋ ከተተቻትና እጆቹን ያዘቻቸው፤ አንጓው ላይ ካቴናው የተወውን ምልክት አየችው፣ እንደ አዋላጅ ዳበሰችው። ወንድሟ ድንበር ተሻግሮ «ደህና ገብቻለሁ» ሲል የላከውን ቃል የነገረችው ከብዙ ለቅሶ በኋላ ነው።

በጥር አራዳ ጊዮርጊስ ተጋቡ። ሚዜ እትዬ አዳነች ብቻ ነበረች። ቄሱ የሙሽራይቱን ስም ሲጠይቁ እምሩ ቀድሞ መለሰ።